አንድ ተረት ይዞ ከአይስ ብሬከር እስከ አምስተኛው ደረጃ መሄድ ይቻላል?

የሐሙስ ተናጋሪ

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ካሉት የቶስትማስተርስ (የአደባባይ ንግግር መለማመጃ ማኅበር) ክለቦች በአንዱ አባል ነኝ። ፓዝዌይስ በሚባለው ባለ አምስት ደረጃ የማኅበሩ ትምህርት ላይ «ፕሬዘንቴሽን ማስተሪ» የሚለውን መንገድ መርጬ በመጀመሪያው ንግግር፣ በአይስ ብሬከር፣ ልጀምር ስል አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ ንግግሮቼን በሙሉ በአንድ ተረት ዙሪያ ብሠራቸውስ? ተረቱን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ የሱሉልታው ብርድና ከሸለቆው ማዶ የነደደው እሳት ነው።

ለማያስታውስ ታትሞ እንዳለው ባጭሩ ልበል። አንድ ባለጸጋ ከአሽከሩ ጋር ይወራረዳል። ሱሉልታ ተራራ ጫፍ ላይ ያለ ልብስ፣ ያለ እሳት፣ ያለ ምግብ ቆመህ ሌሊቱን ካነጋህ መሬት፣ ቤትና ከብት እሰጥሃለሁ ይለዋል። አሽከሩ ይስማማና ጭንቅ ሲይዘው አንድ ሽማግሌ ዘንድ ይሄዳል። ሽማግሌው «ከሸለቆው ማዶ ካለው ጋራ ላይ እሳት አነድልሃለሁ፤ ዓይንህን ከእሱ አትንቀል፣ ሙቀቱንም አስብ» ይለዋል። አሽከሩ እንደተባለው አድርጎ ያነጋል። ጌታው ግን እሳት አይተሃል ብሎ ይክደዋል፤ ዳኛውም ለጌታው ይፈርዳል። በኋላ አንድ ብልህ ሰው ድግስ ደግሶ ሁሉንም ይጠራና ምግብ ሳያቀርብ የወጡን ሽታ ብቻ እያሸተቱ ያስቀምጣቸዋል። ምግቡስ ሲሉት፣ ከሩቅ ያዩት እሳት የሚያሞቅ ከሆነ ሽታውም ያጠግባል ብሎ ይመልስላቸዋል። አሽከሩ ድርሻውን ያገኛል።

ይህን የመረጥኩት ብርድም፣ ክርክርም፣ ፍርድም፣ ድግስም ስላለበት ነው። ከክለባችን ሰዎች ግን ሁለት ስጋት ሰማሁ። አንዱ አድማጭ ይሰለቻል የሚል ነው። ሌላው፣ በየስብሰባው አዲስ እንግዳ ስለሚመጣ ያለፈውን ንግግር ያልሰማ ሰው ግራ ይገባዋል ይላሉ። የሞከረ ካለ ይምከረኝ።

አሮጌው መመሪያ

እህት ዓለም፣ ይቻላል። ወሳኙ ነገር ከየት እንደምትነሺ ነው።

እኔ የገባሁት የቶስትማስተርስ ባለ10 ፕሮጀክቱ የቀድሞ መመሪያ በሥራ ላይ ሳለ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. ሙሉ በሙሉ ለፓዝዌይስ ቦታውን ለቀቀ። ያኔ እያንዳንዱ ፕሮጀክት አንድ ክህሎት ነበረው፤ ንግግር ማዋቀር፣ የሰውነት እንቅስቃሴ፣ ድምፅ፣ ምርምር፣ ማሳመን እያለ ይቀጥላል። በአንድ ታሪክ ዙሪያ ተከታታይ የሚሠሩ አባላት አይቻለሁ። ታሪኩን አስቀድመው በ10 ቆራርጠው ለየፕሮጀክቱ ያደሉት መንገድ ላይ ደከሙ። የሰውነት እንቅስቃሴ ፕሮጀክት ላይ ሲደርሱ የቀራቸው የታሪክ ቁራጭ ሁለት ሰዎች ቁጭ ብለው የሚያወሩበት ይሆናል፤ ያለ ቦታው እጅ ማወናጨፍ ይጀመራል።

ስለዚህ ወረቀትሽ አናት ላይ የፕሮጀክቱን ዓላማ ጻፊ። ቀጥሎ፣ ይህን ክህሎት የግድ የሚጠይቀው የተረቱ ቦታ የት ነው ብለሽ ፈልጊ። ደረጃ 2 ላይ የመግባቢያ ዘይቤን ስለመረዳት የሚል ፕሮጀክት አለ፤ ቀጥተኛ፣ አነሳሽ፣ ደጋፊ እና ተንታኝ የሚሉ አራት ዘይቤዎችን ያስቀምጣል። አራቱም ተረትሽ ውስጥ አሉ። ባለጸጋው ቀጥተኛ ነው፤ ውርርዱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስቀምጣል፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያፈርሰዋል። ዳኛው ቃሉን ከቃሉ ጋር እያስተያየ የሚፈርድ ተንታኝ ነው። ድግስ የደገሰው ሰው አነሳሽ ነው። ሽማግሌውን ደግሞ ልብ በይው፤ መክሮ አላሰናበተም፣ ሌሊቱን ሙሉ ማዶ ሆኖ እንጨት ሲጨምር አድሯል። ከዚህ በላይ ደጋፊ የት ይገኛል? ይህን ካልሽ በኋላ የራስሽ ዘይቤ የቱ እንደሆነ፣ በሥራ ቦታም ከማን ጋር እንደሚያጋጭሽ ተናገሪ። ፕሮጀክቱ የሚፈልገው እሱን ነው።

ሁለተኛ፣ ተረቱን ሙሉውን አንድ ጊዜ ብቻ ተርኪው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓረፍተ ነገር ማስታወሻ ይበቃል። አዲስ እንግዳ ያንን ንግግር ብቻ ሰምቶ ጠግቦ መሄድ አለበት።

ወንበር ሦስት

ብዙ ጊዜ ገምጋሚ ሆኜ እቀመጣለሁ፤ ከዚያ ወንበር የሚታየኝን ልናገር። ጭብጥ ገምጋሚውን ያታልላል። ተረቱ ራሱ ደስ ስለሚል ሰው ፈገግ ይላል፣ ያጨበጭባል፤ ተናጋሪዋ ግን የዕለቱን ዓላማ ላትነካው ትችላለች። ገምጋሚ ያለው ጊዜ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ነው፤ ግማሹን ተረቱን ሲያመሰግን ከጨረሰው ለእሷ የቀረላት ምንድን ነው?

አይስ ብሬከር ላይ ደግሞ ፈጽሞ አልስማማም። ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ያለው ያ ንግግር ራስሽን ለክለቡ የምታስተዋውቂበት ነው። የት እንዳደግሽ፣ ምን እንደምትሠሪ፣ ለምን እንደመጣሽ ልስማ። ሱሉልታን ሌላ ቀን እሰማዋለሁ።

የሐሙስ ተናጋሪ

@ወንበር ሦስት፣ ስለ አይስ ብሬከሩ አሳምነኸኛል። ግን ተረቱን ማን እንደነገረኝ ብናገርስ? እኔ ከአያቴ ነው የሰማሁት፤ ስለ አያቴ ካወራሁ ስለ ራሴ አወራሁ ማለት ነው። ተረቱን አልተርክም፤ በስሙ ብቻ ጠርቼ አልፋለሁ።

ወንበር ሦስት

እሱማ ጥሩ ነው። ተረቱ ከአንድ ደቂቃ እንዳይበልጥ ብቻ። ገምጋሚሽንም ከስብሰባው በፊት አግኝተሽ «ተረቱን ተወውና ይህን አንድ ነገር ተመልከትልኝ» በይው።

ጠበቃ ከልደታ

ይህን ክር ሳይ ዝም ማለት አልቻልኩም። የማሳመን ንግግርሽ ከሁሉ የሚበልጠው መሆን አለበት፤ ተረቱ ውስጡ የፍርድ ቤት ክርክር ነውና።

አባቶቻችን ሲሟገቱ «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ፣ «ተጠየቅ» እየተባለ፣ ነጠላ አጣፍተው፣ ዘንግ ይዘው፣ ከዋርካ ሥር ቆመው ነበር። ተሟጋቹ በማር፣ በፈረስ፣ በበቅሎ ሳይቀር ይወራረዳል። ድምፁ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ወደ ዳኛው ይጠጋል፣ ይርቃል፣ ዘንጉን ያነሳል፣ መሬት ይመታል። ሰው ለመስማት ብቻ ሥራውን ትቶ ይቆም ነበር። ዛሬ በእንግሊዝኛ መመሪያ «የሰውነት እንቅስቃሴ» እና «የድምፅ ልዩነት» ብለን የምንማረውን እነሱ መሬታቸውን ለማስመለስ ይጠቀሙበት ነበር። ውርርድ የተነሳበትን ተረት በዚህ የሙግት ወግ ብታቀርቢው ቦታው ነው።

ፍሬ ነገሩን ደግሞ ከዛሬው ሕግ ጋር አገናኚው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ውል አተረጓጎም ሁለት ተከታታይ ቁጥሮች አሉት። ቁጥር 1733 የውሉ ቃል ግልጽ ከሆነ ዳኛው ከቃሉ መውጣት አይችልም ይላል። ቁጥር 1732 ደግሞ ውል በቅን ልቡና፣ በተዋዋዮቹ መካከል ሊኖር የሚገባውን መተማመን እያሰቡ ይተርጎም ይላል። የባለጸጋው ጠበቃ ሆነሽ ብትቆሚ «ያለ እሳት የሚለው ቃል ግልጽ ነው» ብለሽ 1733ን ትይዣለሽ። የአሽከሩ ጠበቃ ሆነሽ ብትቆሚ «እሳት የተከለከለው ሙቀት እንዳይሰጥ ነው፤ ማዶ ያለ እሳት ምን ሙቀት ሰጠ?» ብለሽ ወደ 1732 ትሄጃለሽ።

ምክሬ ይህ ነው፤ ለባለጸጋው ተከራከሪ። አዳራሹ በሙሉ ከአሽከሩ ጋር ነው፤ ለአሽከሩ መከራከር ማንንም ማሳመን አይደለም። ቀድሞ በአንቺ ላይ የፈረደ ሰው ፊት ቆመሽ አንድ ሰው እንኳ «ዳኛው እኮ የሚለው ነበረው» ብሎ እንዲወጣ ካደረግሽ ፕሮጀክቱ ተሳካ።

አሮጌው መመሪያ

ጋሽ ጠበቃ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይህን ለራሴም ወስጄዋለሁ።

ከሜሪላንድ

እኛ እዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ ለሚማሩ ልጆች የንግግር ልምምድ እናደርጋለን። ቶስትማስተርስ አይደለም፤ አሠራሩን ግን ከዚያ ወስደናል፤ ጊዜ ጠባቂ አለን፣ ገምጋሚ አለን። ይህንኑ ተረት ወስደን ሠርተንበታል።

ልጆቻችን ሱሉልታን አያውቁም። ብርዱን ግን ከእኛ ይበልጥ ያውቃሉ፤ የጥር በረዶ እዚህ ቤታቸው ደጃፍ ነው። የቸገረው ድግሱ ነበር። የወጥ ሽታ በሰው አፍንጫ በቃል ብቻ እንዲደርስ ማድረግ ቀላል አይደለም። አንዷ ተማሪ «በጣም ጥሩ ሽታ ሸተታቸው» ብላ አለፈች። ማንም አልራበውም። ከዚያ እናቷ ቤት ወጥ ስትሠራ ቆማ እንድትመለከት አደረግን። በሚቀጥለው ጊዜ ስትመጣ ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ሲቁላላ፣ በርበሬው ሲገባ አፍንጫ ሲሰነፍጥ፣ ቅቤው በኮረሪማና በኮሰረት ሲሸት፣ እንጀራው ምጣድ ላይ ዓይን ሲያወጣ በተራ በተራ ተናገረች። እያንዳንዱን ጠርታ ቆም ትላለች። ኋላ የተቀመጡት ወላጆች መራባቸውን ፊታቸው ላይ አየሁ።

በገለጻ ቋንቋ ላይ የሚያተኩር ፕሮጀክት ከመረጥሽ ከድግሱ ሌላ ቦታ አትሂጂ። «ጣፋጭ»፣ «ግሩም»፣ «ደስ የሚል» የሚሉትን ቃላት ከልክዪ። የዕቃውን፣ የቅመሙን፣ የሥራውን ስም ብቻ ጥሪ።

ጊዜ ጠባቂ

አንድ አጭር ነገር። ከ5 እስከ 7 ደቂቃ ለሆነ ንግግር አረንጓዴው የሰዓት መብራት 5 ላይ፣ ቢጫው 6 ላይ፣ ቀዩ 7 ላይ ይበራል። ተረት ያለበት ንግግር ሁልጊዜ ያልፋል፤ ተራኪው ሰው ሲስቅለት ይጨምራል። አማርኛ ላይ ደግሞ በእንግሊዝኛ መጻሕፍት የተጻፈውን የቃላት ቁጥር አትከተዪ፤ ቃሎቻችን ረጃጅም ናቸው። ጮክ ብለሽ እያነበብሽ በሰዓት ለኪ። ቢጫው ሲበራ የድግሱ እንግዶች ወንበራቸው ላይ ካልተቀመጡ አትጨርሺም።

ፊዚክስ ባሕር ዳር

መምህር ነኝ። ለምርምር ንግግርሽ ማንም ያልነካው ጥያቄ እዚህ ተረት ውስጥ አለ፤ ማዶ ያለው እሳት በእርግጥ ሊያሞቅ ይችላል ወይ?

በግልጽ ቦታ የነደደ እሳት የሚልከው ሙቀት በርቀቱ ካሬ ልክ ይቀንሳል። ከእሳቱ 1 ሜትር ርቀት ላይ የሚሰማሽን ሙቀት እንደ መነሻ ብንወስድ፣ 10 ሜትር ርቀት ላይ አንድ መቶኛው ነው። 1 ኪሎ ሜትር ላይ አንድ ሚሊዮንኛው ይቀራል። በአንጻሩ ሰው ዝም ብሎ ተቀምጦ ሳለ ሰውነቱ ራሱ ወደ 100 ዋት ገደማ ሙቀት ይለቃል። አሽከሩን ያሞቀው የራሱ ሰውነት ነው፤ የሽማግሌው እሳት የሰጠው ዓይኑን የሚያሳርፍበት ቦታ ነው። ይህን ስሌት ሰሌዳ ላይ በሦስት መስመር ልትጽፊው ትችያለሽ፤ ዳኛው ፊት የቀረበ ማስረጃ አድርገሽ አቅርቢው።

ብርዱንም መርምሪው። ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ ነው፤ የእንጦጦ ከፍታ ወደ 3,200 ሜትር ይጠጋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ስለሚል የመሬቱን ሙቀት የሚይዝ ደመና አይኖርም፤ ውርጭ የሚመታው ያኔ ነው። የሰው የውስጥ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲወርድ ሕክምናው አደገኛ ቅዝቃዜ ይለዋል። ስለዚህ ውርርዱ ቀልድ አልነበረም፤ በሕይወት ላይ ነበር። ይህን ካስረዳሽ አድማጭ ባለጸጋውን በሌላ ዓይን ያየዋል።

የተረቱን ምንጭም ጥቀሺ። ሃሮልድ ኩርላንደርና የሴማዊ ቋንቋዎች ተመራማሪው ወልፍ ሌስላው በ1950 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ባሳተሙት የኢትዮጵያ ተረቶች ስብስብ ውስጥ ይገኛል። እዚያ አሽከሩ አርሃ ይባላል፤ መካሪው ሽማግሌ ጉራጌ ነው፤ ደጋሹ ኃይሉ ነው። አያትሽ የነገሩሽ ከዚህ የሚለይ ከሆነ ልዩነቱን መዝግቢው። የት ቦታ፣ ማን፣ ምን ብሎ እንደለወጠው መናገር ራሱ ምርምር ነው።

የሐሙስ ተናጋሪ

አያቴ የነገረችኝ ይለያል! በእሷ አተራረክ ሽማግሌ የለም፤ እሳቱ የእረኞች ነው፤ አሽከሩ እንደ አጋጣሚ ነው ያየው። እስካሁን ይህን ልዩነት አስቤው አላውቅም። ሽማግሌው ከሌለ ተረቱ ስለ ወዳጅ መሆኑ ይቀርና ስለ ዕድል ይሆናል።

ወንበር ሦስት

ይህ ያልሽው ከሁሉ ይበልጥብኛል። እስካሁን ተከታታዩን የተቃወምኩት ተረቱ መጠቅለያ ብቻ ይሆናል ብዬ ነው። ሁለት አተራረክ ካለሽና በሁለቱ መሃል የሚያከራክር ጥያቄ ካለ ግን፣ እያንዳንዱ ንግግር ከቀደመው ላይ አንድ ነገር ይጨምራል። አድማጭ የሚሰለቸው ያው ነገር ሲደገም ነው። ጥያቄው ወደፊት ሲሄድ አይሰለችም።

ለደረጃ 1 አንድ ነገር ላሳስብሽ። የግምገማና ግብረ መልስ ፕሮጀክት አንድ ንግግር አድርገሽ፣ አስተያየት ተቀብለሽ፣ አስተያየቱን ተጠቅመሽ ሁለተኛ ንግግር እንድታደርጊ ይጠይቃል፤ ሦስተኛው የሌላ ሰው ገምጋሚ መሆን ነው። መጀመሪያ የታተመውን ተርኪ፤ አስተያየቱን ከሰማሽ በኋላ የአያትሽን ተርኪ። በተከታታይ ንግግር ሰው የሚጠላው መደጋገም ነው፤ እዚህ ግን መድገሙ የፕሮጀክቱ ሕግ ነው።

አንድ ተቃውሞ ግን አልተውም። የደረጃ 5ቱ ረጅም ንግግር ከ18 እስከ 22 ደቂቃ ነው፤ እንደ ባለሙያ ተናጋሪ መቅረብን የሚያስለምድ ነው። ያንን በተረት ላይ አትሥሪው። አንድ መሥሪያ ቤት ቢጠራሽ ስለምን እንድትናገሪ ይጠራሻል? ስለ ሥራሽ። እዚያ ላይ ተረቱ የሁለት ደቂቃ መግቢያ ይሁን እንጂ ጭብጡ አይሁን።

ከሜሪላንድ

እዚህ ላይ ከወንድሜ እለያለሁ። 20 ደቂቃ ስለ ውል፣ ስለ ቃል ማክበርና ቃልን አጉል ስለ መተርጎም ለአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ብትናገር፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዚህ ተረት ላይ ቆማ ልትሄድ ትችላለች። ቀጣሪና ተቀጣሪ ነው እኮ ታሪኩ።

ጠበቃ ከልደታ

እስማማለሁ ከእህቴ ጋር። የሠራተኛ ጉዳይ የያዝኩባቸው ብዙ ፋይሎች «እሳት አይተሃል» የሚል ክርክር አላቸው፤ ቃሉ ሌላ ነው እንጂ።

ወንበር ሦስት

እንግዲህ ያኔ መጥቼ እገመግማታለሁ።

አዲስ አባል 2

ይቅርታ፣ አንድ ጥያቄ ላስገባ። ንግግሩ በእንግሊዝኛ የሚካሄድበት ክለብ ውስጥ ነኝ። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ የሚመልስ አድማጭ ካለ በእንግሊዝኛ ምን ይደረጋል?

አሮጌው መመሪያ

በአማርኛ በለው። አድማጭህ ኢትዮጵያዊ ከሆነ ይመልስልሃል፤ የውጭ አገር ሰው ካለም ሌሎቹ ሲመልሱ ይገባዋል። ንግግሩ ገና ሳይጀመር አዳራሹ በአንድ ድምፅ መለሰልህ ማለት ነው፤ ይህንን ብዙ ተናጋሪ በጥያቄና በጭብጨባ ለማግኘት ይደክማል። መጨረሻ ላይ ግን «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» አትበል፤ ንግግርህ ጥሪ ይዞ የሚያልቅ ከሆነ ያ አባባል ይዘጋብሃል።

የእንግሊዝኛውን ንግግር ስታዘጋጅ በአማርኛ ጽፈህ አትተርጉም። የተረቱን ቅደም ተከተል በአእምሮህ ይዘህ በቀጥታ በእንግሊዝኛ ተናገረው። በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ አድማጭ እስከዚያ ይጠብቃል፤ በእንግሊዝኛ ግሱ ቀድሞ ይወጣል። ጉጉቱን ሌላ ቦታ ማስቀመጥ አለብህ።

የሐሙስ ተናጋሪ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከክለባችን የትምህርት ምክትል ፕሬዚዳንት ጋር ቁጭ ብለን የመጀመሪያዎቹን አቀማመጥ ጨርሰናል።

አይስ ብሬከሩ ስለ እኔና ስለ አያቴ ነው፤ ተረቱ በስሙ ብቻ ይነሳል። ለግምገማና ግብረ መልስ የታተመውን አተራረክ፣ ቀጥሎም የአያቴን። የመግባቢያ ዘይቤው ላይ አራቱን ሰዎች እጠራለሁ፤ የእኔ ዘይቤ የዳኛው ይመስለኛል፣ ይህንንም በግልጽ እናገራለሁ። ደረጃ 3 ላይ ለባለጸጋው እከራከራለሁ። የፊዚክስ መምህሩ ስሌት ከዚያ በፊት ይቅረብ ወይስ በኋላ የሚለውን ገና አልቆረጥኩም። በፊት ከቀረበ አድማጭ ማስረጃውን ይዞ ይጠብቀኛል፤ ክርክሩ ይከብዳል። ከባዱን ልመርጥ ነው።

የቀረኝ ደረጃ 4 ነው። አስቸጋሪ አድማጭን ስለ መያዝ የሚለውን ፕሮጀክት ልወስድ እፈልጋለሁ። አባላት የሚያስቸግር አድማጭ ሆነው ይጫወታሉ፤ እኔ እየተናገርኩ እመልስላቸዋለሁ። ለዚህ ከተረቱ ምን ይሻላል?

አሮጌው መመሪያ

የድግሱ እንግዶች ይሁኑ! አንቺ ደጋሹን ሁኚ። አንዱ ምግቡ የታለ እያለ ያቋርጥ፤ አንዱ ከጎኑ ካለው ጋር ያውራ፤ አንዱ ተነስቶ ልሂድ ይበል፤ አንዱ ዳኛውን ይሁንና በየቃሉ ይከራከር። ማን ምን እንደሚጫወት አስቀድሞ አይነገርሽ፤ ሚናውን ለየሰው በወረቀት የሚሰጠው ምክትል ፕሬዚዳንቱ ይሁን። ስብሰባውን ከምሳ በፊት ወዳለው ሰዓት ማዞር ከቻላችሁ ደግሞ አዙሩት፤ ረሃቡን መጫወት አያስፈልጋቸውም።

ጊዜ ጠባቂ

መብራቱን እኔ እይዛለሁ። እንግዶቹ ሲያቋርጡሽም ሰዓቱ አይቆምም፤ እሱን አስበሽ ጻፊ።